የአምባው ሸንጎ ቁርበቶች

አንድ ጊዜ ደጋው፣ ጫካውና ቆላው በአንድ አንበሳ ሥር ተስማምተው የሚኖሩበት የእንስሳት አገር ነበር። ተስማምተው ማለት እንኳ ትንሽ ማጋነን ነው፤ ላለመባላት ተዋውለው ይኖሩ ነበር። አንበሳ የውሉ ጠባቂ ስለሆነ እሱ ብቻ ይበላ ነበር።

አገሩ ሁለት ሸንጎ ነበረው። አንደኛው የሜዳው ሸንጎ ይባላል። እያንዳንዱ ወገን ከመካከሉ መርጦ የሚልካቸው እንስሳት ፀሐይ ላይ ቆመው ይጨቃጨቁበታል፣ ሲብስም ይራገጡበታል፤ ሲመሽ ግን አንድ ነገር ወስነው ይበተናሉ። ሁለተኛው የአምባው ሸንጎ ነው። እሱ ከሜዳው በላይ፣ አናቱ ጠፍጣፋ በሆነ አምባ ላይ፣ በትልቅ ዋርካ ጥላ ሥር ይሰየማል። የአምባውን አባላት ማንም አይመርጣቸውም። አንበሳ ይሾማቸዋል፤ ሲሾማቸውም ከገበታው የተረፈ አንዳንድ ቁርበት ይሰጣቸዋል። ቁርበቱ የማን እንደነበረ መጠየቅ ነውር ነው። አባሉ ቁርበቱን አንጥፎ ይቀመጣል፤ ከዚያ የሚያነሳውም ሞት ብቻ ነው።

የአምባው ሥራ የሜዳውን ውሳኔ ዳግመኛ ማየት ነው። ሸንጎውን ያቋቋሙት የጥንት አባቶች «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ሜዳው ቢቸኩል አምባው ይየው» ብለው ነበር። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። አሠራሩም ቀላል ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የአምባው አፈ ጉባኤ፣ ሽማግሌው ኤሊ፣ «ክቡራን አባላት፣ ጉዳዩን አይታችሁታል ወይስ ገና እያያችሁ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ከቁርበት ላይ ሆኖ «ገና እያየን ነው» የሚል አንድ ድምፅ ከተሰማ ጉዳዩ ያድራል። እንዲህ የሚል ከጠፋ የሜዳው ውሳኔ ሕግ ይሆናል። ቁርበት ላይ ያልተቀመጠ ግን፣ ጎሽም ቢሆን፣ ድምፅ የለውም።

ቁርበቶቹ መጀመሪያ ሲከፋፈሉ ጫካው በእንስሳት የተሞላ፣ ቆላው ጭር ያለ ነበር። ስለዚህ ለጫካው ብዙ ቁርበት፣ ለቆላው አንድ ደረሰው። ከዚያ ወዲህ ጫካው ተመናምኖ ጉሬዛዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ፤ ቆላው በአህያ፣ በከርከሮና በጅግራ ተሞላ። ክፍፍሉ ግን እንደነበረ ቀረ። የዚያች የአንዷ የቆላ ቁርበት ባለቤት፣ አንድ አሮጌ ከርከሮ፣ ከሞተም ቆይቷል። ሞቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ በአምባው ላይ ልዩነቱ ወዲያው አይታይም።

በአንድ በጋ የቆላው ወንዝ ደረቀ። አሸዋውን ቢጭሩት፣ ቢቆፍሩት ጠብታ ጠፋ። የሜዳው ሸንጎ ተሰበሰበና «ዝናብ እስኪመጣ የቆላ እንስሳት ወጥተው ከአምባው ሥር ካለው ምንጭ ይጠጡ» ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ወደ አምባው ወጣ። አምባው ማየት ጀመረ፤ ምንጩንም የአንበሳ ዘበኛ ነብር ይጠብቅ ነበርና ሳይፈቀድ የሚጠጋ አልነበረም።

በሜዳው ሸንጎ የቆላ ተመራጭ እመት አህያ ነበረች። ጡቷ ደርቆ ውርንጭላዋ ቆሞ መሄድ አቅቶታል። አንድ ጠዋት እየገፋች፣ እየደገፈች ይዛው መጣችና አምባው ሥር ካለ ድንጋይ ጥግ አስተኝታው ብቻዋን ወጣች።

ስትደርስ ጎሽ ዓይኑን ጨፍኖ ያመሰኳል። ጃርት ቁርበቱን በእሾሁ ወንፊት አድርጎት ተኝቷል። ጉሬዛ ረጅም ነጭ ፀጉሩን ያበጥራል።

«አፈ ጉባኤ፣ ልጄ እየሞተብኝ ነው» አለች።

«ቁርበት አለሽ?» አሉ ኤሊ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው የምትይውን አልሰማሁም። ምን አልሽ?»

«የውሃውን ጉዳይ መቼ ነው አይታችሁ የምትጨርሱት?»

«እያየነው ነው፣ ልጄ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እስኪሄድ ጅግራዋ በጥማት ሞተች።»

ኤሊ አንገታቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። ነገር ሲከብዳቸው እንዲህ ያደርጋሉ። በእሳቸው ፋንታ ጎሽ ዓይኑን ሳይገልጥ መለሰ። «ቆላን የሚመለከት ጉዳይ የቆላ አባል በሌለበት አይዘጋም። የቆላ ቁርበት ደግሞ ባዶ ነው። ሕጉ ለእናንተው የታሰበ ነው።»

«ታዲያ መርጠን እንላክላችኋ!»

መርጠን የሚለው ቃል አምባውን በሙሉ ቀሰቀሰው። የጎሽ ዓይን ተገለጠ። ጉሬዛ ማበጠሩን ተወ።

«ምርጫ ከገባማ ከሜዳው በምን ልንለይ ነው?» አለ ጉሬዛ።

«የሚመረጥ መራጩን ይፈራል» አለ ጃርት። «እኛ ግን ማንንም አንፈራም። በነፃነት የምናየው ለዚህ ነው።» ይኼን ብሎ የአንበሳ ዋሻ ወዳለበት አቅጣጫ አየት አደረገ፤ የሰማው ካለ ለማወቅ።

«ሕጉን ማሻሻል አይቻልም ማለት ነው?»

«ኧረ ይቻላል!» አሉ ኤሊ አንገታቸውን አውጥተው። «ሁላችንም ከፈቀድን ይቻላል። የማሻሻያው ሐሳብ ከአያቴ ዘመን ጀምሮ በእጃችን ነው።»

«ምን አላችሁበት?»

«ገና እያየን ነው!» አለ አምባው በአንድ ድምፅ።

አህያ ወረደች። ውርንጭላው አንገቱን ቀና አድርጎ አየት አደረጋትና መልሶ ተኛ። በዚያች ሰዓት ማልቀስ አምሯት ነበር፤ ነገር ግን ለእንባ የሚሆን ውሃም አልነበራትም። ሄዳ የሜዳውን ሸንጎ አባላት ሰበሰበችና ተያይዘው ወደ አንበሳ ዋሻ ሄዱ። ከዋሻው ደጃፍ ሲደርሱ ሌሎቹ «አንቺ ግቢ፣ እኛ እዚህ ሆነን እናግዝሻለን» አሏት።

አንበሳ ነገሩን ሰምቶ አዛጋ። «እኔም ሰልችቶኛል» አለ። «የሾምኳቸው እኔ ነኝ፤ ከተቀመጡ በኋላ ግን እኔንም ገና እያየን ነው ይሉኛል። ምን ይሻላል፣ ብላታ?»

ብላታ የተባለው ቀበሮ ነው፤ የአንበሳ አማካሪ። የቀበሮ ጉድጓድ ከምንጩ አጠገብ ነበር። ነብሩም ለአማካሪነቱ ሲል ዝም ይለዋል። ጠዋት ጠዋት ውሃ ሊጠጡ የሚመጡ ቆቆችን እየለቀመ ቁርሱን ይበላል። የቆላ አህያ ሁሉ እያናፋ ምንጩ ላይ ቢሰፍር ቆቅ የሚባል ዝር እንደማይል አውቋል። ስለዚህ ለአገር አሰበ።

«ጌታዬ፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል» አለ። «ማሻሻያ ያስፈልጋል። ሆኖም ምርጫ ብለን አምባውን አናስቀይም፤ ሹመት ብቻ ብለንም ቆላን አናስከፋ። ገለልተኛ አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም። ኮሚቴው የቆላን ሐሳብ ይጠይቅ፣ እጩውን ይመዝን፣ ለጌታዬ ያቅርብ፣ ጌታዬ ይሹሙ።»

«በኮሚቴው ውስጥ እነማን ይሆናሉ?»

«አለመግባባት እንዳይፈጠር እኔ ብቻ ብሆንስ?»

አንበሳ በነገሩ ብስለት ተደሰተ። የምሳ ሰዓቱም ደርሶ ነበር።

ቀበሮ ወደ ቆላ ወርዶ እንስሳቱን ሰበሰበ። ማንን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። ሁሉም እመት አህያን አሉ። ቀበሮ በአክብሮት አንገቱን ነቀነቀ፤ «ሐሳባችሁ እንደ ግብዓት ተወስዷል» አለና ሄደ። ሲመለስ አያ ጅቦን አስከትሎ መጣ።

ቆላ በሙሉ ወደ ኋላው አፈገፈገ።

«ኮሚቴው በሚገባ መዝኗል» አለ ቀበሮ። «አያ ጅቦ የቆላ ተወላጅ ነው። ከየትኛውም መንጋ ጋር አልወገነም። የቆላን ሕዝብ፣ በተለይም አህዮችን፣ ከውጭም ከውስጥም ያውቃቸዋል።»

አያ ጅቦ ሕዝቡን በፍቅር አየ። ምራቁን ዋጠ። «አገለግላችኋለሁ» አለ። «የቀረበልኝን ሁሉ አልንቅም።»

አንድ ሽማግሌ አህያ «እንግዲህ ምን ይደረጋል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል፤ የአህያ ሸንጎም አላስጣለም» ብሎ አንገቱን ደፋ። ሴቶቹ ጅግሮች ጮኹ። እመት አህያ ግን አልጮኸችም፤ ጅቡን ትክ ብላ ታየው ነበር። ትልቅ አፉን አየች፤ ጎደሎ ሆዱን አየች። ከዚያ ወደ አምባው ተመልሳ ወጣች።

«አፈ ጉባኤ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አዲስ የተሾመ አባል የመጀመሪያውን ሌሊት ቁርበቶቹን ሰብስቦ፣ ጨው አሽቶ፣ ሲጠብቅ ያድራል የሚባለው ልማድ አሁንም አለ?»

«አለ እንጂ! እኔም አድሬያለሁ፤ ጎሽም አድሯል። ያለዚያ ሹመቱ አይጸናም።»

«የተሾመው ማን እንደሆነ ግን ሰምተዋል?»

«ልማድ የማን እንደሆነ አይጠይቅም» አሉ ኤሊ በኩራት። «እዚህ አምባ ላይ ልማድ ተለውጦ አያውቅም።»

«ይጽና» አለች አህያ። «ጨዉን እኔ አመጣለሁ። በደንብ ይታሽ።»

ቁርበት ብል እንዳይበላው በጨው ይታሻል። ጨዉ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የቆላ ግብር ነው፤ የአህያ ወገን በጀርባው እያመጣ ለአምባው ይገብራል። ያን ቀን እመት አህያ የቻለችውን ያህል ጭና ከዋርካው ሥር አራገፈች። ኤሊ ታማኝነቷን አይተው ቁርበት ስለሌላት ትንሽ አዘኑላት። እሷ ግን ወርዳ ከውርንጭላዋ ጎን አደረች።

ሲመሻሽ ቀበሮ ጅቡን እስከ አምባው አፋፍ ሸኘው። መንገዱን ሙሉ ሲያስጠናው ነበር።

«ጠዋት አፈ ጉባኤው ሲጠይቁ ምን ትላለህ?»

«ገና እየበላን ነው።»

«እያየን! ገና እያየን ነው።»

«ገና እያየን ነው። ሌላስ?»

«ሌላ የለም። እስክትሞት ድረስ ይኼው ነው ሥራህ።»

«ከባድ አይደለም» አለ ጅብ።

በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ የአምባው አባላት እያዛጉ መጡ። ከዋርካው ሥር ባዶ ድንጋይ ጠበቃቸው። በድንጋዩ መካከል አያ ጅቦ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተጋድሟል። ሆዱ ከበሮ አክሏል።

«ክቡር አባል፣ ቁርበቶቹ የት አሉ?» አሉ ኤሊ።

«ጠብቄያቸዋለሁ» አለ ጅብ።

«የት?»

«ሌባ በማይደርስበት ቦታ።» ሆዱን ቀስ ብሎ ዳሰሰ።

«የእኔንም?» አለ ጉሬዛ በቀጭን ድምፅ።

«ያንተ ትንሽ ጠንክሮብኝ ነበር።»

«የእኔንስ?» አለ ጃርት።

«ያንተ ቀዳዳ ስለበዛው ወዲያው አለቀ።»

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ አያ ጅቦ የሚቆጨው ነገር አላስተረፈም። አባላቱ ባዶ ድንጋዩን እያዩ ቆሙ። መቀመጥ የፈለገ ነበር፤ ግን ድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ አልነበረም። ኤሊ ግን ሰዓቱ ደርሷልና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክቡራን አባላት፣ የቆላን የውሃ ጉዳይ አይታችሁታል ወይስ ገና እያያችሁ ነው?»

«ገና እያየን ነው!» አለ ጎሽ።

«ክቡር ጎሽ፣ የተቀመጡት በምን ላይ ነው?»

ጎሽ ወደ ታች አየ። «በምንም።»

«እንግዲያው አልሰማሁዎትም።»

እመት አህያ ከአፋፉ ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ከታች ውርንጭላዋ ዓይኑን ከድኗል፤ መተንፈሱን ከዚያ ሆና ማየት አትችልም። ኤሊ ውሳኔውን ሊያጸድቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀበሮ ከዋርካው ጀርባ ዘሎ ወጣ።

«ቆዩ፣ አፈ ጉባኤ! ቁርበቶቹ አልጠፉም። አንድም ሳይጎድል ሁሉም እዚህ ሆድ ውስጥ አሉ። ስለዚህ የአምባው ድምፅ በሙሉ የአያ ጅቦ ነው!»

ኤሊ አንገታቸውን ሳቡ። ውስጥ ገብተው ቆዩ። እመት አህያ ይኼን አላሰበችም ነበር። ልጇን ይዛ ጅብ ባለበት አምባ ሥር ማደሯ፣ ጨዉን መሸከሟ፣ ሁሉም በአንድ ቃል ከንቱ ሊቀር ሆነ።

በመጨረሻ አንገታቸው ወጣ። «ሕጉ ስለ ሆድ የሚለው የለም» አሉ ኤሊ። «ሕግ ዝም ሲል ለባለ ቁርበቱ ይፈረዳል። ክቡር አባል፣ ሁሉም ቁርበት ያንተ ነውና አንተ ተናገር። ጉዳዩን አይተኸዋል ወይስ ገና እያየህ ነው?»

ቀበሮ ፈገግ አለ። አያ ጅቦ ሊቆም ሞከረ፤ በሁለተኛው ተሳካለት። አፉን ከፈተ። ቃሏን አስታውሷት ነበር፤ በእውነት አስታውሷት ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ቁርበት፣ ያ ሁሉ ጨው፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ አንጀቱን እየቀቀለው ነው። ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቋል።

«ገና...» ብሎ ጀመረ።

«አዎ! ገና እያየን በል!» አለ ቀበሮ።

«ውሃ!» አለ አያ ጅቦ።

«እያየን ነው በል፣ አንተ ሆዳም!»

«ውሃ! ውሃ ስጡኝ! ሞትኩ!» እያለ ቁልቁል ወደ ምንጩ እየተንከባለለ ሮጠ። ነብሩ የአምባ ሹም መሆኑን አይቶ መንገድ ለቀቀለት።

ኤሊ በእርጋታ ተናገሩ። «ከቁርበቶቹ ሁሉ የተሰማው ድምፅ ውሃ የሚል ነው። የሜዳው ውሳኔ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ከዚያ ትንሽ አሰቡ። «በአምባው ታሪክ በሙሉ ድምፅ የጸደቀ የመጀመሪያው ነው።»

እመት አህያ የመጨረሻውን አልሰማችም። ወርዳ ነበር። ውርንጭላዋን በአፍንጫዋ ገፋችው፤ አልተነሳም። በጥርሷ ማጅራቱን ይዛ ወደ ምንጩ ጎተተችው፤ አፉን ውሃው ውስጥ ነከረችው። መጀመሪያ ምንም አላደረገም። ቀጥሎ ጆሮው ነቅነቅ አለ። ከዚያ መጠጣት ጀመረ፤ እሷም እሱ ሲጠጣ አይታ አፏን ወደ ውሃው ዝቅ አደረገች። ከጎናቸው አያ ጅቦ አንገቱን ነክሮ ይጠጣል። አህያ አጠገቡ እንዳለች እንኳ አላየም። በሹመቱ ዘመን ቆላን በእውነት የወከለው ያን ጠዋት ብቻ ነው። ሲረካ ተነስቶ ወደ ውርንጭላው ዞሮ ነበር፤ ግን የቆላ ወገን በሙሉ እያናፋና እየጮኸ ሲወርድ አይቶ ሐሳቡን ለወጠ። ቆቆቹም ያን ቀን ሄዱ፤ ቀበሮ ከዚያ ወዲህ ቁርሱን ራቅ ብሎ ይፈልጋል።

የአምባው አባላት አንበሳ ዘንድ ሄደው አዲስ ቁርበት እንዲሰጣቸው ለመኑ።

«እሰጣችኋለሁ» አለ አንበሳ። «ቁርበት ግን የሚመጣው ቁርበት ካለው ነው። ማን ይቅደም?» ዓይኑ በጉሬዛ ፀጉር ላይ ትንሽ ቆየ።

ጉሬዛ ድንጋይ ለጀርባ ጤና ጥሩ መሆኑን ተናገረ። ጎሽም ደገፈው። ጃርት ቁርበት የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልተመቸኝም አለ። ከኤሊ አያት ዘመን ጀምሮ ሲታይ የነበረው ማሻሻያ በዚያው ቆሞ ጸደቀ። አምባው ሳይፈርስ ይቆይ ተባለ፤ ሜዳው መቸኮሉ አልቀረምና ዳግመኛ የሚያይ ያስፈልጋል። ሆኖም ደጋውም፣ ጫካውም፣ ቆላውም እኩል እኩል ድንጋይ ተሰጣቸው፤ በየድንጋዩ የሚቀመጠውን ራሳቸው መርጠው ይልካሉ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ደግመው ይመርጣሉ። ቆላ እመት አህያን ላከ። ድንጋዩ ጥላው ሲዞር ስለሚያቃጥል የአምባው ጉዳይ ከዚያ ወዲህ ረፋዱ ላይ ያልቃል።

አያ ጅቦ ግን ሹመቱ የዕድሜ ልክ መሆኑን እያስታወሰ ብዙ ጊዜ ደጅ ጠና። የሰማው አልነበረም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ከአገሩ ወጣ። ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ያኔ ነው፤ አወቁትም አላወቁትም፣ የመቀመጥ ሐሳብ እንዳልነበረው እኛ እናውቃለን።

ከዚህ የምንማረው፣ ወንበሩን ከላይ የተሰጠው ሹም የታችኛው ሰው ጥማት የሚገባው የራሱ ጉሮሮ ሲደርቅ ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ውሃ የሚመክረውን ውሃ የጠማው ራሱ መምረጥ እንዳለበት ነው።